40 ሺህ ተከታይ፣ 11 ቀሚስ

ጥያቄ፦ «የማርኬቲንግ ማኔጅመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላለፉት ስድስት ወራት ሽሮ ሜዳ የሚገኝ የአንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ የፌስቡክ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጾች ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ቆይቻለሁ። ስጀምር ትልቅ ጉጉት ነበረኝ። አሁን ተከታዮቻችን 40 ሺህ ደርሰዋል፤ ግማሽ ያህሉ ግን በገንዘብ የተገዙ ናቸው። በሐሰት ስም የምስጋና አስተያየት እንድጽፍ ታዝዤ ጽፌአለሁ። በገጾቹ በኩል መጥቶ የገዛውን ሰው ስቆጥር በስድስት ወር የተሸጠው 11 ቀሚስ ብቻ ነው። የተማርኩት ሁሉ ውሸት መስሎኛል። ማኅበራዊ ሚዲያ በእርግጥ ይሸጣል? ወይስ የትምህርት ክፍል ልቀይር?»

ምላሽ፦

ውድ እኅቴ፣

ከጥያቄሽ ውስጥ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «11» በሚለው ቁጥር ላይ ነው። በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት ከብዙ ነጋዴዎች ጋር ተቀምጬ «በዚህ ገጽ በኩል መጥቶ የገዛ ሰው ስንት ነው?» ብዬ ጠይቄአለሁ። መልስ ያገኘሁት ከጥቂቶቹ ነው። የቀሩት የሚነግሩኝ የተከታዩን፣ የላይኩን፣ የተመልካቹን ብዛት ነው። አንቺ ማንም ሳያዝሽ የተሸጠውን ቀሚስ ቆጥረሻል። ተስፋ የቆረጥሽውም ስለ ቆጠርሽ ነው። እኔ ደግሞ ይህንኑ ቁጥር ይዘን ወደ ሱቁ እንመለስ እላለሁ፤ በ40 ሺህና በ11 መካከል ያለውን ገደል ምን እንደ ቆፈረው ማወቅ ይቻላልና።

በአኃዞቹ ላይ ያደረብሽ ጥርጣሬ ትክክል ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ስሕተት አምኗል። ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ድርጅቶች «ሰው ቪዲዮዬን በአማካይ ስንት ሰከንድ ያያል?» ሲሉ ይሰጣቸው የነበረው አኃዝ ለሁለት ዓመት ያህል ተጋንኖ ኖሯል። ምክንያቱ ቀላል ነበር። ጠቅላላው የታየበት ጊዜ ይካፈል የነበረው ቪዲዮውን ቢያንስ ለ3 ሰከንድ ላዩት ብቻ ነው፤ ገና እንዳዩት ያለፉት ሰዎች ከአካፋዩ ውስጥ አልነበሩም። አካፋዩ ሲያንስ አማካዩ ያብጣል። አስነጋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩን በ40 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ በስምምነት ዘጋው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዴቩሚ የተባለ ሐሰተኛ ተከታይ ሻጭ ኩባንያንና ባለቤቱን ዳግም በዚህ ንግድ እንዳይሰማሩ አስፈርሟል። ይህን የምነግርሽ ነውሩን ለማቅለል አይደለም። በስድስት ወር ውስጥ በአንድ ጠባብ ሱቅ ያየሽው ነገር ሌሎች እስከ ሕግ ፊት ያደረሱት መሆኑን እንድታውቂው ነው። የታመምሽው አንቺ አይደለሽም፤ መለኪያው ነው።

ተከታይ መግዛት ገንዘብ ከማባከን ያለፈ ጉዳት አለው፤ ይህን ለሱቁ ባለቤት በዚህ መንገድ አስረጂያቸው። ገጻችሁ አዲስ ቀሚስ ሲለጥፍ አልጎሪዝሙ፣ ማለትም ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ለሁሉም ተከታይ አያደርሰውም። ለተወሰኑት ያሳይና ምላሻቸውን ያያል። ቆም ብለው ካዩት፣ ከጠየቁበት፣ ለሌላ ሰው ከላኩት ያሰፋዋል፤ ካለፉት ያቆመዋል። ከ40 ሺው 20 ሺህ ያህሉ ሕይወት የሌላቸው ስሞች ከሆኑ ቀሚሱ ከሚታይባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ባዶ ወንበሮች ናቸው ማለት ነው። በዚህ ላይ ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ለቤተሰብና ለወዳጅ መልእክት ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ የንግድ ገጾችም ወደ ኋላ እንደሚቀሩ በይፋ አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ «ተከታይ አለኝ» ማለት «ያዩኛል» ማለት መሆኑ ቀርቷል። በቴሌግራም ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይጋለጣል፤ እያንዳንዱ መልእክት ሥር የተመልካቹ ቁጥር ተጽፏል። ቻናሉ በሺዎች የሚቆጠር አባል ኖሮት መልእክቱን ያየው ጥቂት መቶ ሰው ብቻ ከሆነ፣ ብልህ ገዢ ያንን አይቶ ሱቁን ይጠረጥራል።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄዬ ስለ ተከፈለባቸው ማስታወቂያዎች ነው። አልነገርሽኝም፤ ነገር ግን የሱቁ ባለቤት አልፎ አልፎ ለፌስቡክ ከፍለው «ቡስት» እንደሚያስደርጉ፣ ማለትም ልጥፉ ለብዙ ሰው እንዲታይ እንደሚያደርጉ እገምታለሁ። ማስታወቂያው ሲከፈት «ዓላማህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ሰው ሳያስበው ያልፈዋል። ላይክና አስተያየት ማግኘት የሚለው ከተመረጠ ፌስቡክ ያንኑ በታማኝነት ይፈጽማል፤ ያገኘውን ሁሉ ላይክ የማድረግ ልማድ ያላቸውን ሰዎች ፈልጎ ያመጣል። እነዚህ ሰዎች ቀሚስ አይገዙም፤ ጣታቸው ብቻ ፈጣን ነው። መልእክት እንዲልኩ ወይም እንዲደውሉ የሚለው ሲመረጥ የሚመጣው ሰው ያንሳል፣ ለእያንዳንዱም የሚከፈለው ይበዛል፤ የሚመጣው ግን ጥያቄ ያለው ሰው ነው። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም በኋላ ደግሞ ይህ ስሕተት እጅግ ውድ ሆኗል። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸምበት ካርድ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ለደላላው ጭማሪ ይከፍላል። በዚህ ዋጋ ላይክ መግዛት የሸማኔን ላብ መድፋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የእናንተ ሱቅ በሚለጥፈው ፎቶ ሥር ምን ይጻፋል? «ዋጋውን በውስጥ መስመር» ይል ይሆን? ከሆነ ከ11 በላይ ያልሄዳችሁበትን ትልቁን ምክንያት አግኝተናል ብዬ አምናለሁ።

ይህ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ነጋዴው ዋጋ የሚደብቅበት ምክንያት አለው። ጎረቤት ሱቅ አይቶ እንዳይሰብርበት ይፈራል፤ ገዢው ዋጋውን ብቻ አይቶ ሳይነጋገር እንዳይሄድበት ይፈራል። ገዢዋ ግን በሌላ ወገን ሆና የምታስበውን ላንቺ ልንገርሽ፤ ለዓመታት ሰምቼዋለሁና። «ስጠይቃቸው የመገለጫ ፎቶዬን ያያሉ፤ ውጭ አገር እንዳለሁ ካወቁ እጥፍ ይጠሩብኛል» ትላለች። «ጠይቄ ውድ ከሆነብኝ ዝም ብዬ መጥፋቴ ያሳፍረኛል» ትላለች። ስለዚህ አትጠይቅም። በይሉኝታ የሚኖር ሕዝብ መሆናችንን የረሳ ነጋዴ ደንበኛውን በገዛ እጁ ከደጅ ይመልሳል። ሕጉም ቢሆን ከገዢዋ ጋር ነው፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል። በመደርደሪያ ላይ ግዴታ የሆነ ነገር በስልክ ላይ ምሥጢር የሚሆንበት በጎ ምክንያት አይታየኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የቤት ዕቃ አምራች ይህንኑ ነግሬው ለወራት ተከራክረናል። በመጨረሻ ለሙከራ በአምስት ሶፋዎች ላይ ብቻ ዋጋ ጻፈ። የሚደውለው ሰው ቁጥር ወዲያው ቀነሰ፤ በጣም ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥሁ። ወሩ ሲያልቅ ግን ደረሰኞቹን ስናይ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ሶፋ ተሸጧል። መደወል ያቆሙት ሰዎች ለካ ድሮም የማይገዙት ነበሩ፤ የሱቁን ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ያስሩት የነበሩት እነሱ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በጥሪ ብዛት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዋጋው ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ፍርሃት ነው። የሐበሻ ልብስ ገዢ የምትፈራውን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስድስት ወር የመልእክት ሳጥኑ በእጅሽ ነበርና። እስኪ ተመልሰሽ አንብቢው። «በእጅ የተሸመነ ነው ወይስ የፋብሪካ?» «ጥለቱ ሲታጠብ ቀለም ይለቃል?» «ልኬን ልላክ፤ በስንት ቀን ይደርሳል?» «ባይሆነኝስ?» የሚሉ ጥያቄዎች እንደሚደጋገሙ እርግጠኛ ነኝ። ገበያው የጥበብ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በሞላበት በዚህ ዘመን፣ የመጀመሪያው ጥያቄ የሁሉም እናት ነው። ታዲያ እናንተ የምትለጥፉት ምንድን ነው? ሞዴሏ ስትስቅ፣ ሞዴሏ ስትዞር፣ ከበስተጀርባ ሙዚቃ። ይህ ቪዲዮ ለማንም ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ሽሮ ሜዳ እኮ የዓለም ሁሉ ነጋዴ የሚመኘው ቦታ ነው! ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች ከነቤተሰባቸው የሰፈሩበት፣ ሸማው ከሚሸመንበት ጉድጓድ እስከ መሸጫው የእግር መንገድ የሆነበት ሰፈር ነው። ባለቤቱን አስፈቅደሽ፣ ሸማኔውንም አስፈቅደሽ፣ ስልክሽን ይዘሽ ሂጂ። መወርወሪያው ሲመላለስ ቅረጪ። ጥለቱን ገልብጠሽ ጀርባውን አሳዪ፤ በእጅ የተሠራ ጥበብ ጀርባው ላይ ክሩ ሲሄድና ሲመለስ ይታያል፤ የታተመው ግን ፊቱ ብቻ ነው። ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ ጥለቱን እሺው፤ ቀለሙ መልቀቁን ወይም አለመልቀቁን ካሜራው ይመስክር። ከለቀቀ አትለጥፊው፤ ለባለቤቱ ንገሪ፤ ክሩ ይቀየር። ማርኬቲንግ ማለት እኔ እንደማውቀው ይህም ጭምር ነው፤ የገዢዋን ፍርሃት ተሸክሞ ወደ ሠሪው ማድረስ።

ጊዜም አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት አባቶቻችን የዚህን ንግድ የቀን መቁጠሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈውልን ሄደዋል። ለጥምቀት የሚለበስ ቀሚስ በልክ ተሸምኖ፣ ተሰፍቶ፣ ምናልባትም ተጭኖ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሊደርስ ከሆነ ገዢዋ መወሰን ያለባት በኅዳር ነው። የጥር ሠርግ ሚዜዎችም ልብሳቸውን የሚመርጡት ያኔ ነው። በጥር መጀመሪያ የሚጮህ ማስታወቂያ የሚያገኘው አድናቂ ነው፤ ገዢዋ ገዝታ ጨርሳለች። የአንቺ ስድስት ወር የትኞቹ ወራት እንደ ነበሩ አላወቅሁም። ከጥር አጋማሽ እስከ ሐምሌ ከነበረ ከፋሲካና ከዳግማይ ትንሣኤ ሠርጎች በቀር ቀዝቃዛውን ወቅት ይዘሽ ነው የለካሽው፤ 11 የሚለውም ቁጥር በዚህ ሚዛን ይታይ።

«በእርግጥ ይሸጣል?» ላልሽው የምሰጥሽ መልስ «ለማያውቅሽ ሰው አዎን፣ ለሚያውቅሽ ሰው ብዙም አይደለም» የሚል ነው። ይህን የምለው ከግምት ተነሥቼ አይደለም። ኢቤይ የተባለው ትልቅ የበይነ መረብ ገበያ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በፍለጋ ገጾች ላይ የሚከፈልባቸውን ማስታወቂያዎች በአንዳንድ የአሜሪካ አካባቢዎች ዘግተው፣ በሌሎቹ እንዳሉ ትተው ሽያጩን አነጻጸሩ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። ቀድሞም ደጋግመው ይገዙ የነበሩት ሰዎች ማስታወቂያው ኖረም ተዘጋም መግዛታቸውን ቀጠሉ፤ ኩባንያው ከፍሎ ሲያመጣቸው የኖረው በገዛ እግራቸው የሚመጡትን ነበር። ለውጥ የታየው በአዲሶቹና አልፎ አልፎ በሚገዙት ላይ ነው። እርግጥ ያ የፍለጋ ማስታወቂያ ነው፤ ከማኅበራዊ ሚዲያ ይለያል። የምወደው ዘዴውን ነው፤ ዘግቶ ማየት። የሳሙናና የንጽሕና ዕቃዎች አምራቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልም እ.ኤ.አ. በ2017 የዲጂታል ማስታወቂያ ወጪውን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀንሶ በሽያጩ ላይ ያየው ጉዳት እምብዛም እንዳልነበረ ራሱ ተናግሯል።

አንቺም ይህን በሱቁ ውስጥ ማድረግ ትችያለሽ፤ ዶላርም አይጠይቅም። አንድ ደብተር ግዢ። ለገዛ ሰው ሁሉ ሒሳቡ ሲዘጋ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፤ «እኛን እንዴት አወቁን?» መልሱን፣ ቀኑንና የተገዛውን ጻፊ። ለፌስቡክ አንድ ስልክ ቁጥር፣ ለቴሌግራም ሌላ፣ ለቲክቶክ ሌላ ካደረግሽ ደግሞ ደዋዩ ሳይጠየቅ ራሱን ይናገራል። ሁለት ሳምንት ለጥፊ፤ ሁለት ሳምንት ዝም በይ፤ ከዚያ ደግሚው። በዓል የያዘውን ሳምንት ከቀዝቃዛው ጋር እንዳታወዳድሪ ተጠንቀቂ። ከሁሉ በላይ «ጓደኛዬ ነገረችኝ» የሚለውን መልስ በቀላሉ አትለፊው። «ጓደኛሽ እኛን የት አየችን?» በያት። ከአንድ ቀሚስ ጀርባ ያለውን ሰንሰለት ስትከተዪ፣ የ11ዱ ቁጥር ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ገጹን አይታ ዝም ብላ የቆየችና ከዓመት በኋላ በአካል የመጣች ሴት በአንቺ ቆጠራ ውስጥ አልገባችምና። ከፍ ካላለም እውነቱን ይዘሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህም በሙያችን ብዙ ሰው የተቀጣበት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ሲገደቡ ገደቡ እስከ ሐምሌ፣ ለአምስት ወር ያህል ቆይቷል። ገደቡን በሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ በቪፒኤን የሚገባ ገባ፤ ብዙ ገዢ ግን ጠፋ። ያን ጊዜ ሱቃቸውን በቻናል ላይ ብቻ የሠሩ ወጣቶች የደንበኞቻቸውን ስልክ ቁጥር እንኳን እንዳልያዙ ያወቁት በዚያ ሳምንት ነው። ያ ደብተርሽ በፈቃዳቸው የተሰጠ ስም፣ ስልክና የልብስ ልክ ካለበት የሱቁ እውነተኛ ንብረት እሱ ነው። ተከታዩ የፌስቡክ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ለሽ የተባለው የእንግሊዝ የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ለወጣቶች የአእምሮ ጤና አስቦ ከፌስቡክ፣ ከኢንስታግራም፣ ከቲክቶክና ከስናፕቻት መውጣቱን አስታውቆ ነበር። እርምጃውን አከብረዋለሁ፤ ግን ለሽ በየከተማው አውራ ጎዳና ላይ ሱቅ አለው፤ ሽቶው ከበሩ ውጭ ይጠራል። ቅያስ ውስጥ ላለ ሱቅ ጠቅልሎ መውጣትን አልመክርም።

ስለ ትምህርት ክፍሉ፦ ይህን ጥያቄ ከባድ ድካም ላይ ሆነሽ እንደጻፍሽው ይታየኛል፤ በድካም ሳለሽ አትወስኚ። ማርኬቲንግ ስለ ገጽና ስለ ላይክ ነው ብሎ ያስተማረሽ ካለ ትምህርቱን አሳንሶብሻል። ሰውን ማድመጥ፣ ዋጋ መተመን፣ ዕቃውን ለገዢ ማድረስ፣ ቃልን መጠበቅ ሁሉ በውስጡ አለ፤ አንቺ ያለ አስተማሪ መቁጠር የጀመርሽበት የገበያ ጥናትም አለ። ሒሳቡን ከወደድሽው ስታትስቲክስ ጨምረሽ ተማሪ። የመመረቂያ ጽሑፍሽም ርእስ በእጅሽ ነው፤ ደብተሩን ለስድስት ወር በትክክል ከያዝሽው ብዙ ተማሪ ከሚሰበስበው መጠይቅ የተሻለ መረጃ ይኖርሻል። ይህን ሁሉ አይተሽ ልብሽ ካልተመለሰ ቀይሪ፤ ማንም ሊወቅስሽ አይገባም።

የመጨረሻው የሐሰት አስተያየቶቹ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ለዘብ ማለት አልችልም። የጻፍሻቸውን አጥፊአቸው፤ ዛሬውኑ። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን ሕግ ባይኖርም፣ አንዲት እናት ከአቡ ዳቢ ደመወዟን ቆጥባ ለልጇ ምርቃት ቀሚስ ስታዝዝ ያመነችው አንቺ የፈጠርሻትን ሴት ነው። ለባለቤቱ «ከእንግዲህ አልጽፍም» ስትዪ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ቀሚሱን የገዙትን 11 ሰዎች ስልክ ይዘሻል። አንድ በአንድ ደውዪ፤ ልብሱ እንዴት እንደ ሆነላቸው፣ ጥለቱ ሲታጠብ ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ከፋቸው ጠይቂ። ለብሰው የተነሡትን ፎቶ ለመለጠፍ በግልጽ የሚፈቅዱ ካሉ በራሳቸው ቃል፣ ከነቅሬታቸው ለጥፊው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝም ይጠቅማል። ከ11ዱ አራት ብቻ እሺ ቢሉሽ አራቱን ለጥፊ። የከፋቸው ካሉ ደግሞ ስማቸውንና ያሉትን ጽፈሽ ለሸማኔውና ለልብስ ሰፊው አድርሺ፤ ከመጪው ኅዳር በፊት የሚስተካከል ከሆነ።